የድራፍት መመሪያው ሲመዘን፦ ገጾቹን አንብቡ፣ ውጤቱን እርሱት

ከአምስት ኮከብ ሶስት። ሶስቱንም ያገኘው በተጫዋቾች ገጽ ነው። የቀረው ክፍል ቢነሳ አንድም ቀን አይናፍቀኝም።

የማወራው ከኤንቢኤ ድራፍት (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ክለቦች አዳዲስ ልጆችን በተራ የሚመርጡበት ዝግጅት) በፊት ስለሚሸጡት መመሪያዎች ነው። ታውቋቸዋላችሁ፤ ለወር ወይም ለወቅት ትከፍላላችሁ፣ እነሱ ደግሞ ሶስት ነገር ይሰጧችኋል። አንዱ ልጆቹን ከአንደኛ ጀምሮ ቁልቁል የሚደረድር ሰንጠረዥ ነው። ሌላው የእያንዳንዱ ልጅ ገጽ ነው። ሶስተኛው ሲሙሌተር የሚሉት፣ ቡድን መርጣችሁ የጄኔራል ማናጀሩ ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ ልጆቹን የምትመርጡበት ጨዋታ ነው። እኔ የከፈልኩበትን በስም አልጠራም። ብጠራውም ብዙ አይጠቅማችሁም፤ ያየኋቸው ሁሉ አሠራራቸው አንድ ነው፣ የሚለያዩት በቀለም ነው።

በሲሙሌተሩ ልጀምር፣ ሰው ሁሉ ገብቶ መጀመሪያ የሚነካካው እሱን ስለሆነ። ሎተሪውን፣ ማን ቀድሞ እንደሚመርጥ የሚወስነውን ዕጣ፣ በደንብ ሠርተውታል፣ አይካድም። ከ2019 ጀምሮ በመጣው ህግ መጨረሻ የወጡት ሶስት ቡድኖች አንደኛውን ምርጫ ለማግኘት እኩል 14 በመቶ ዕድል አላቸው። ዕጣ የሚወጣው ለመጀመሪያዎቹ አራት ቦታዎች ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያሉት እንደ ሽንፈታቸው ብዛት ይሰለፋሉ። ይሄ ሁሉ በትክክል ገብቷል። ቁልፉን በተጫናችሁ ቁጥር ሌላ ቡድን ይወጣል፣ አንዳንዴ ጭራሽ የማይመስል ነገር ያመጣና «ኧረ ይሄማ አይሆንም» ትላላችሁ። ይሆናል እኮ! በ2024 አትላንታ በ3 በመቶ ዕድል አንደኛ ወጣ። በ2025 ደግሞ ዳላስ በ1.8 በመቶ። ሉካ ዶንቺችን ለሌከርስ ሰጥቶ ደጋፊው በተቃጠለበት በዚያው ወቅት የዚያ ዓመት አንደኛ የተባለው ልጅ ኩፐር ፍላግ እጁ ላይ ወደቀለት። ሲሙሌተር ያንን ቢያወጣ ኖሮ ተበላሽቷል ብለን እንዘጋው ነበር።

ጣጣው የሚመጣው መርጣችሁ ስትጨርሱ ነው። ከኤ ፕላስ እስከ ኤፍ ውጤት ይሰጣችኋል። መጀመሪያ ደስ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ግን ነገሩ ይገባችኋል፦ የሚታረመው ልጁ አይደለም፣ ቡድናችሁም አይደለም፣ ከሰንጠረዡ ጋር ምን ያህል እንደተስማማችሁ ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከቀሩት ውስጥ የላይኛውን ስም ብትጫኑ ኤ ታገኛላችሁ። ሶስት ሴንተር (ቅርጫቱ ስር የሚጫወት ረጅም ተጫዋች) ላለው ቡድን አራተኛ ሴንተር ጨምሬ ኤ ተሰጥቶኛል። አስቦበት፣ ጨዋታ አይቶ፣ ከሰንጠረዡ አስር ደረጃ ዝቅ ያለ ልጅ የወሰደ ሰው ደግሞ ሲ ይዞ ይወጣል።

የድሮ ድራፍቶች ማህደርም አላቸው፣ እዚያ ላይ ነገሩ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። የ2014ን ክፈቱና ዴንቨርን ምረጡ። ኒኮላ ዮኪችን በመጀመሪያው ዙር ውሰዱት። ዲ! «ከደረጃው እጅግ ቀድሞ የተወሰደ» የሚል ማብራሪያም ይከተላል። ዮኪች በእውነተኛው ድራፍት 41ኛ ነው የተመረጠው። ሲመረጥ ቴሌቪዥኑ የታኮ ቤል ማስታወቂያ እያሳየ ነበር። ከዚያ ሶስት ጊዜ ኤምቪፒ (የወቅቱ ምርጥ ተጫዋች) ሆነ፣ በ2023 ደግሞ ዴንቨር በታሪኩ የመጀመሪያውን የኤንቢኤ ዋንጫ አነሳ። በጊዜው የነበረውን ሰንጠረዥ መጠቀማቸው ልክ ነው፣ ማንም ነቢይ እንዲሆን አልጠበቅኩም። ግን ዲ ብሎ ማህተም ከመምታት አጠገቡ «ቆይቶ እንዲህ ሆነ» የሚል ሁለት መስመር ቢጨምሩ ምን ነበረበት? ማህደሩን የምንከፍተው ለዚያ አይደል?

«ሰንጠረዡን መከተል ምን ክፋት አለው?» የሚል ይኖራል። ከላይ ከላይ ያሉት ምርጫዎች ላይ ከሆነ እኔም ችሎታውን ነው የምከተለው። ፖርትላንድ በ1984 ሁለተኛው ምርጫ እጁ ላይ ነበር። ክላይድ ድሬክስለርን ከዓመት በፊት 14ኛ ላይ አግኝቷል፣ የጎደለው ሴንተር ነው፣ ስለዚህ ሳም ቡዊን ወሰደ። ቡዊ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ እያለ በእግር ጉዳት ሁለት ሙሉ ወቅት ያመለጠው ልጅ ነው። ቀጥሎ ያለው ቺካጎ ከድሬክስለር ጋር አንድ ቦታ የሚጫወተውን ማይክል ጆርዳንን አነሳ። ዲትሮይትም በ2003 ካርሜሎ አንቶኒ በሚጫወትበት ቦታ ቴይሾን ፕሪንስ ነበረው፣ ስለዚህ ካርሜሎን ትቶ ዳርኮ ሚሊቺችን ሁለተኛ ላይ ወሰደ። ከዳርኮ ቀጥለው የተጠሩት ካርሜሎ፣ ክሪስ ቦሽና ዱዌይን ዌድ ናቸው፣ በተከታታይ! ደግነቱ ዲትሮይት በ2004 ሻምፒዮን ሆነና ነገሩ ያን ጊዜ ብዙ አልቆረቆረም።

ዴንቨርንም እንደገና እዩት። በዚያው በ2014 ምሽት 16ኛ ላይ የተመረጠውን ዩሱፍ ኑርኪችን በልውውጥ አግኝቷል። ሴንተር ነው። 41ኛ ላይ ሌላ ሴንተር ጨመረ። «ሴንተርማ ይዘናል» ብሎ ቢያልፍስ ኖሮ?

ታዲያ አራተኛ ሴንተር ወስደህ ኤ ብታገኝ ለምን ታማርራለህ ትሉኝ ይሆናል። ውሳኔው የግድ ስህተት ነው አላልኩም። ማሽኑ ጥያቄውን ጭራሽ አላነሳውም ነው ያልኩት። ማን ይወጣል፣ ልጁ ስንት ደቂቃ ያገኛል፣ ሁለቱ አብረው መሰለፍ ይችላሉ ወይ፣ አንዱን በኋላ መቀየር ይቻላል ወይ? ዴንቨር ኑርኪችን በ2017 ለፖርትላንድ ሰጥቶ ነው ቦታውን ለዮኪች የለቀቀው። ይሄን ሁሉ አስቦ ኤ ቢሰጠኝ ደስ ብሎኝ እቀበለው ነበር። ከ20ኛ በኋላ ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ይብሳል፣ ምክንያቱም እዚያ በልጆቹ መካከል ያለው ልዩነት ቀጭን ነው፣ የትኛው ቡድን ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል የሚለው ነገሩን ይወስነዋል።

ሰንጠረዡ ራሱ ሌላ በሽታ አለበት። ቁጥር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሶስተኛ እያለ ይወርዳል፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን አይታይም። በ2023 ቪክቶር ዌምባንያማና ከእሱ ቀጥሎ ያለው ልጅ መካከል ገደል ነበር፣ ሳን አንቶኒዮ ሎተሪውን ካሸነፈ በኋላ ስለ አንደኛው ክርክር የሚባል ነገር አልነበረም። በ2024 ግን ዛካሪ ሪሳሼ አንደኛ ይሁን አሌክስ ሳር፣ እስከ መጨረሻው ሰው እየተከራከረ ነው የገባው። ሰንጠረዡ ላይ ሁለቱም ዓመት አንድ ዓይነት ናቸው፦ አንድ፣ ከስሩ ሁለት።

ክለቦች እንደዚህ አያስቡም። ልጆቹን በእርከን በእርከን ነው የሚለዩዋቸው፤ እነዚህ ሶስቱ እኩል ናቸው፣ እነዚህ አምስቱ ደግሞ ከእነሱ አንድ እርከን ዝቅ ይላሉ ብለው። ያንን ካወቃችሁ መቼ ወደ ኋላ መሸሽ እንደሚያዋጣ ታውቃላችሁ። በ2017 ቦስተን አንደኛውን ምርጫ ይዞ ነበር፣ ለፊላደልፊያ ሰጥቶ ሶስተኛውንና ወደፊት የሚመጣ ሌላ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ተቀበለ። ፊላደልፊያ ማርኬል ፉልትዝን ወሰደ። ቦስተን ሶስተኛ ላይ ጄሰን ቴተምን አገኘ፣ አንደኛም ቢሆን የምንወስደው እሱን ነበር ብለው። በቁጥር ብቻ ብታዩት ቦስተን ሁለት ደረጃ ወርዷል። መመሪያው እርከኖቹን በአንድ መስመር ቢለያቸው ሰንጠረዡ ወዲያው ነፍስ ይዘራ ነበር።

አሁን ወደ ሶስቱ ኮከቦች።

የተጫዋቾቹ ገጽ ግሩም ነው። የጻፈው ሰው ጨዋታ ያያል፣ ያስታውቃል። ነጥብና ሪባውንድ ደርድሮ አይሄድም። ልጁ ኳስ ሳይዝ ምን ያደርጋል? የመጀመሪያው እንቅስቃሴው ሲዘጋበት ሁለተኛ አለው ወይ? ፒክ ኤንድ ሮል (ኳስ የያዘው እንዲያመልጥ ጓደኛው ቆሞ ተከላካዩን የሚከልልበት ዘዴ) ሲመጣበት ከከላዩ ሰው ከላይ ነው የሚያልፈው ወይስ ከስር? ኤንቢኤ ሲገባ የትኛውን ዓይነት ተጫዋች ሊይዝ ይችላል? በየገጹ እነዚህ ይመለሳሉ። ከሁሉ በላይ የወደድኩት መጥፎ ቪዲዮዎቹን መጨመራቸው ነው። ሌላ ቦታ የምናየው ደንክ ብቻ ነው፣ ሁሉም ልጅ ሌብሮን ይመስላል። እዚህ ልጁ ተኝቶ ሰው ከኋላው ሲያልፈው፣ ኳስ ሲነጠቅ፣ ደክሞት ወደ መከላከል ሳይመለስ ሲቀር ታያላችሁ።

ስለ መወርወር የሚጽፉበት መንገድ ለብቻው ገንዘቡን ያወጣል። የኮሌጅ ወቅት 35 ጨዋታ ገደማ ነው። ልጁ በየጨዋታው ሶስት አራት ጊዜ ከሶስት ነጥብ ቢሞክር፣ ጠቅላላው መቶ ምናምን ሙከራ ነው። ሁለት መጥፎ ሳምንት መቶኛውን ገልብጦ ይጥለዋል። ስለዚህ ፍሪ ትሮውን፣ የቅጣት ውርወራውን፣ አብረው ያያሉ፣ ማንም ሳይረብሸው እጁ ምን እንደሚመስል የሚያሳየው እሱ ስለሆነ። ታይሪስ ማክሲ ኬንታኪ እያለ ከሶስት ነጥብ 29.2 በመቶ ነው ያገባው። ፍሪ ትሮው ግን 83.3 በመቶ። በ2020 እስከ 21ኛ ወርዶ ፊላደልፊያ አገኘው፣ በ2024 ኦል ስታር፣ ለከዋክብት ጨዋታ የተመረጠ፣ ሆነ። ሁለተኛውን ቁጥር ያነበበ ሰው በእሱ ጉዳይ ያን ያህል አይደነግጥም ነበር። ሁሌ ይሠራል ማለቴ አይደለም፣ ገጹም አይልም። «ተስፋ አለው» ብሎ ያልፋል፣ ልክ የሚመጥነው ቃል ነው።

አብረውት የተጫወቱትንም ይጽፋሉ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ትልቅ ናት። ዴቪን ቡከር ኬንታኪ ሙሉውን ወቅት አንድም ጨዋታ በቋሚነት ሳይሰለፍ ነው የጨረሰው። በ2015 ፊኒክስ 13ኛ ላይ ወሰደው። ተቀያሪ የሆነው ስለማይችል አልነበረም። ያ ቡድን 38 አሸንፎ አንድ ብቻ የተሸነፈ፣ የዚያ ድራፍት አንደኛ የሆነው ካርል አንቶኒ ታውንስ ያለበት፣ ሰው የሞላበት ቡድን ነው። የቡከርን ነጥብ አማካይ ብቻ ያየ ምንም አላየም።

ዕድሜ ላይ ግን አልስማማም። ዕድሜውን በዓመትና በወር መጻፋቸው ጥሩ ነው፣ 19 ዓመት የሞላው ልጅና 22 የሆነው አንድ ዓይነት ቁጥር ቢያመጡ ትርጉሙ አንድ አይደለም፣ ይገባኛል። እነሱ ግን 21 ያለፈውን ሁሉ «ጣሪያው ዝቅተኛ» ብለው ከዝርዝሩ ስር ይወረውሩታል። ጄለን ብራንሰን ቪላኖቫ ሶስት ዓመት ተጫወተ፣ በ2016ና በ2018 የኮሌጁን ዋንጫ በላ፣ በ2018 የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ተባለ። ከዚያ በድራፍቱ 33ኛ። ቁመቱም አልረዳውም፣ እውነት ነው፣ ግን ኳሷን በትዕግስት ይዞ አንድን ጨዋታ የሚመራ ልጅ ትልቅ ስለሆነ ብቻ መማር ያቆማል ያለው ማነው? ኒውዮርክ አሁን በማን ነው የሚጫወተው?

የኮምባይኑ (ከድራፍቱ በፊት ልጆቹ የሚለኩበት ዝግጅት) ክፍል አጭርና ጥሩ ነው። ግንቦት ላይ ቺካጎ የሚለካውን ሁሉ አይዘረግፉም። ቁመት ያለ ጫማ፣ የክንድ ርዝመት፣ ቆሞ እጅ ሲዘረጋ የት እንደሚደርስ፣ እና ለየትኛው ቦታ የትኛው እንደሚያስፈልግ። ክብደት ማንሳት የለበትም፣ ደግ አድርገዋል። በ2007 ኬቨን ዱራንት 185 ፓውንዱን፣ ወደ 84 ኪሎ ነው፣ አንዴ እንኳ ማንሳት አቅቶት ጉድ ተብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። በዚያ ዓመት ከእሱ በፊት አንደኛ የተጠራው ግሬግ ኦደን ጉልበቱ አልያዘለትም፣ በኤንቢኤ በጠቅላላው 105 ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። ጉዳት ላይ መመሪያው አይቀባጥርም፤ መረጃ ከሌለው ባዶ ይተወዋል። የክለብ ሐኪም የሚያየውን ፋይል እኛ አናየውም፣ ልጁ ድንገት በድራፍቱ ምሽት ሲወርድ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እዚያ ውስጥ ነው። ማይክል ፖርተር ጁኒየር በ2018 በጀርባው ምክንያት እስከ 14ኛ የወረደው እንደዚያ ነው።

በጣም ያናደደኝ ከአሜሪካ ውጭ የሚጫወቱት ልጆች ገጽ ነው። ለኮሌጅ ልጅ ሁለት ሙሉ ገጽ፣ ለአውሮፓው ልጅ አምስት መስመር። ሊጉ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚነግር ነገር የለም። በአዋቂዎች ቡድን ውስጥ 15 ደቂቃ የሚያገኝን ልጅና ከእኩዮቹ ጋር 30 ደቂቃ የሚጫወትን ልጅ በአንድ ሚዛን ያስቀምጣሉ። ዶንቺች ወደ 2018 ድራፍት ሲመጣ 19 ዓመቱ ነበር፣ ከሪያል ማድሪድ ጋር የአውሮፓ ክለቦችን ውድድር ዩሮሊግን በልቶ፣ የውድድሩ ኤምቪፒ ሆኖ ነው የመጣው። ያም ሆኖ ዲአንድሬ ኤይተንና ማርቪን ባግሊ ቀደሙት፣ ሶስተኛ የጠራው አትላንታም ወዲያው ለዳላስ አሳልፎ ሰጠው። ያኒስ አንቴቶኩንፖ ደግሞ ከግሪክ ሁለተኛ ዲቪዚዮን መጥቶ በ2013 ሚልዋኪ 15ኛ ላይ ወሰደው። የዚያ ዓመት አንደኛ አንቶኒ ቤኔት ነው። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሰው ከፍሎ የሚያነበው መመሪያ እዚህ ላይ እንዴት ይሰስታል? አንድ ሁለት ፈረንሳይኛና ሰርቢያኛ የሚችል ሰው ቢቀጥሩ አይበቃም?

በሲሙሌተሩ ያለውን የምርጫ ልውውጥ በተመለከተ ብዙ አልልም፣ ቀልድ ነው። ሶስት የሁለተኛ ዙር ምርጫ ሰጥታችሁ አምስተኛውን መውሰድ ትችላላችሁ፣ ኮምፒውተሩ ደስ ብሎት ይስማማል። የስቴፒየን ህግንም አያውቅም። በ80ዎቹ መጀመሪያ የክሊቭላንዱ ባለቤት ቴድ ስቴፒየን የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎቹን እያወጣ ከመስጠቱ የተነሳ ነው ህጉ የወጣው፤ አንድ ክለብ የሁለት ተከታታይ ወደፊት ዓመታትን የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ሰጥቶ ባዶ እጁን መቅረት አይችልም። በሲሙሌተሩ እኔ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ያለኝን ሁሉ ሸጬ ኤ ማይነስ ተሰጥቶኛል።

አፑ ስልክ ላይ ይንቀረፈፋል፣ ቪዲዮ ከከፈታችሁ በኋላ ወደ ዝርዝሩ ስትመለሱ ከላይ ይጀምራል፣ ያበሽቃል። በኮምፒውተር ሲሆን ይሻላል። የድራፍቱ ምሽት ግን ፈጣን ናቸው፣ ስሙ በተጠራ በደቂቃ ውስጥ ገጹ ላይ የቡድኑ ስም ይገባል፣ ከስሩም ልጁ እዚያ ቡድን ውስጥ ምን እንደሚሠራ አንድ አንቀጽ ይጻፋል። ያቺን አንቀጽ እወዳታለሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ክፍያው በራሱ እንደሚታደስ እወቁ። ማቋረጫው ሂሳብ የሚለው ገጽ ውስጥ ከታች ከታች በደቃቃ ፊደል ነው ያለው፣ አፑ ላይ ጭራሽ የለም፣ በኮምፒውተር መግባት ግድ ነው። ደንበኛ አገልግሎት ብትጽፉላቸው ይመልሳሉ፣ ግን እስኪመልሱ የሚቀጥለው ክፍያ ሊያልፍ ይችላል። ድራፍቱ ከ2024 ጀምሮ በሁለት ምሽት ስለሚካሄድ የመጀመሪያው ምሽት እንዳለቀ አትቸኩሉ። ስማቸውን ሰምታችሁ የማታውቋቸው ልጆች የሚጠሩት በሁለተኛው ምሽት ነው፣ ገጾቹም ከምንጊዜውም በላይ የሚያስፈልጓችሁ ያኔ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሰርዙት።